ሽማግሌዎቹና የተገለበጠው አክስል

ይህን የምጽፈው መኪና ልታሠሩ ላሰባችሁ አይደለም። ሚስት ልታገቡ ላሰባችሁም አይደለም። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ልትጨርሱ ላሰባችሁ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከእኔ በቀር መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ከሌለም ግድ የለም፣ ብቻዬን አወራዋለሁ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ብቻዬን ማውራት ለምጃለሁ።

አሮጌ ፒክአፕ አለችኝ። «አሮጌ» ያልኩት በትሕትና እንዳይመስላችሁ። የሹፌሩ በር ከውስጥ አይከፈትም፤ መውረድ ስፈልግ መስታወቱን ዝቅ አድርጌ፣ እጄን ወደ ውጭ አውጥቼ፣ ለራሴ በር እከፍታለሁ። ስትገዛ ሰማያዊ ነበረች ይላሉ የጥንት ወዳጆቿ። ቢሆንም ከሰርቦና ከአካባቢው ገጠር ጀንፈል ቡና፣ ከነገለባው የደረቀውን፣ እየጫነች ጅማ ታደርስልኛለች። እኔ በእሷ እበላለሁ፣ እሷም በእኔ ትበላለች። ማናችን የበለጠ እንደምንበላ መመርመር ከተውኩ ቆይቻለሁ።

የተሰበረው የኋላ አክስሏ ነው። አክስል ማለት፣ ለማያውቀው ሰው፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ግራና ቀኝ ይዞ መሐሉ ላይ ድስት የሚያህል ሆድ ያወጣ ረጅም ብረት ነው። በሆዱ ውስጥ ጥርሶች አሉ፤ ሞተሩ ጥርሶቹን ያዞራል፣ ጥርሶቹ ጎማውን ያዞራሉ። እኔም ይህን ሁሉ ያወቅኩት ሆዱ ተሰንጥቆ ዘይቱን ጊንጆ መንገድ ላይ ሲዘረግፈው ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን «ላይችል አይሰጥም» ብዬ ዝም እል ነበር። የተሰበረው ግን ሽማግሌዎቼ ለሦስተኛ ጊዜ ሰርቦ ሊሄዱልኝ በተቀጠሩበት ሳምንት ነው።

ስለ ሐሊማ ልንገራችሁ። ጅማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ሰርቦ አባቷ ጋ ትሄዳለች። አንድ ቀን የራስ ምታት መድኃኒት ልገዛ ገባሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ራሴን ያላመመኝ ቀን የለም። በመጨረሻ እሷው ራሷ «ይሄ ራስ ምታት በክኒን የሚድን አይመስለኝም፤ ሽማግሌ ላክ» አለችኝ። ላክኩ። አባቷ ሐጂ አወል የእኔን መልክ አይተው አያውቁም፤ ደንቡም እንዲያ ነው። ጠያቂው አይታይም፣ የሚታዩለት ሽማግሌዎቹ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን አባት «እናስብበት» ይላል። በሁለተኛው «ዘመድ እንጠይቅ» ይላል። በሦስተኛው ጠዋት መልስ ይሰጣል። በዚያ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በፊት ካልደረሱ ግን ነገሩን ትተውታል ማለት ነው፤ አባትየውም ቃሉን ለፈለገው መስጠት ይችላል።

የሚፈልግ ደግሞ አለ። ከአጋሮ አንድ ሰው እየጠየቃት እንደሆነ ሐሊማ ነግራኛለች። ሰውየው የቡና መሬት አለው፣ ረጋ ያለ ነው ይባላል። እኔ ያለኝ ፒክአፕ ነው።

ታዲያ ለምን በሚኒባስ አልላካቸውም? ሐሊማም ይህንኑ ነው ያለችኝ። «በባጃጅም ቢሆን ይምጡ፣ ብቻ ይምጡ!» አለች በስልክ። ነገር ግን ዋናው ሽማግሌ አባ ራያ በሁለተኛው ቀን ሐጂ አወል ቤት ተቀምጠው «ልጃችን የራሱ መኪና ያለው ሰው ነው፤ በሚቀጥለው በእሷ ነው የምንመጣው፣ ያዩዋታል» ብለው ነበር። አባ ራያ አንዴ ያሉትን አይመልሱም። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፒክአፗን ሐጂ አወል እንዲያዩልኝ ልቤ ቋምጦ ነበር። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ነስሩ ጋ ወሰድኳት። ነስሩ ጊንጆ ጉዱሩ ውስጥ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ ሥር የሚሠራ ሜካኒክ ነው። ጋራዥ አለው እንዳልል ጣራ የለውም፤ የለውም እንዳልል የጅማ አሮጌ መኪና ሁሉ እዚያ ተኝቷል። ነስሩን የምወድለት «አይቻልም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ ስለማያውቅ ነበር። ሜካኒክ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ቃል እሱ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ለእሷ የሚሆን አክስል ከተማው ውስጥ ጠፋ። ነስሩ ግን ከአንድ የሞተ ፒክአፕ ላይ ሌላ አገኘ። «የአክስቷ ልጅ ነው በለው» አለኝ፤ ዝምድናውን አላጣራሁም። አክስሉን በባጃጅ ነው ያመጣነው። ብረቱ በባጃጁ ግራም ቀኝም ክንድ ክንድ እየወጣ መንገዱን ሁሉ ይዞት፣ እግረኛው ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ ያሳልፈናል። አንዲት ሎሚ ሻጭ ቅርጫቷን ብድግ አድርጋ «ይሄ ደግሞ የማን አስከሬን ነው?» አለች። እኔ ሳቅኩ። ያን ጊዜ ገና እስቅ ነበር።

ዓርብ ነስሩ ፒክአፗን በክሪክ አንስቶ፣ ድንጋይ አስደግፎ፣ አሮጌውን አክስል ፈታ። ብሎኖቹ ዝገው ስለነበር እያንዳንዱን እየተሳደበና ወዲያው «አስተግፊሩላህ» እያለ ነው የፈታቸው። አዲሱን ከሥር አስገብቶ ቀና አለና ጭንቅላቱን አከከ። ክብደቷን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ባሌስትራው፣ የሚያርፍበት መቀመጫ በአክስሉ ጀርባ ላይ መሆን ሲገባው፣ በዚህኛው ላይ በሆዱ በኩል ነው ያለው።

«ምን ሆነ?» አልኩት።

«ምንም። የአክስቷ ልጅ ሲሠራ ወደ ታች አድርገውት ነው። እንገለብጠዋለን።»

«ይገለበጣል?»

«ማሎ ወንድሜ! ብረት አይደለም እንዴ? ብረት ላይና ታችን የት ያውቃል?»

ይህ ንግግር በጣም አሳመነኝ። እንዲያውም ለራሴ ደገምኩት። ተገለበጠ፣ ታሠረ፣ ተመታ፣ ግራሶ ተቀባ። ቅዳሜ በጠዋት ጎማዎቹ ገቡ።

ሽማግሌዎቼ ነጭ ለብሰው አቮካዶው ሥር ደረሱ። አባ ራያ ጅማን ከነ ሰፈሯ የዳኙ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛው ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ ናቸው፤ ልብስ ሰፊ፣ ከሦስቱ በዕድሜ ታናሽ። ሦስተኛው ሼህ ኑር ዝምተኛ ሰው ናቸው። በዚያን ቀን አፋቸውን የከፈቱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ሲደርስ ይነገራል።

ሞተሩን አስነሳሁ። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ለቀቅኩ። ፒክአፗ ወደኋላ ሄዳ አቮካዶውን ገጨች። አንድ ፍሬ የነስሩ ትከሻ ላይ ወደቀ።

«የኋላ ማርሽ ነው ያስገባኸው» አለ ነስሩ።

ድጋሚ አየሁ፤ አንደኛ ነው። ለቀቅኩ። አቮካዶ። ሁለተኛ ማርሽ ሞከርኩ። አሁንም አቮካዶ፣ ያውም በፍጥነት። ከዚያ ነስሩ ራሱ ገብቶ የኋላ ማርሹን አስገባ። ፒክአፗ ቀስ ብላ፣ በሥነ ሥርዓት፣ ወደፊት ሄደች። ወርዶ ተንበርክኮ አክስሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ብረቱ ላይና ታችን ያውቅ ኖሯል። ሲገለበጥ ሆዱ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ጎን ተቀያይረው፣ ጎማዎቹ ሞተሩ ከሚላቸው በተቃራኒ ይዞራሉ። አሁን መኪናዬ ወደኋላ የምትሮጥባቸው ብዙ ማርሾች፣ ወደፊት የምትድህበት አንድ ማርሽ አላት።

«ወላሂ መኪናው ይሄዳል» አለ ነስሩ ልብሱን እያራገፈ። «አቅጣጫው ነው እንጂ።»

«አሁን መልሰህ አቅናው!»

«መቀመጫው ተቆርጦ በብየዳ መዞር አለበት። መብራት ደግሞ ከሌሊት ጀምሮ የለም።»

ጋሽ ተፈራ «ሚኒባስ እንያዝ» አሉ። አባ ራያ ግን ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «በመኪናችን እንመጣለን ብያለሁ። ወደፊት ትሄዳለች አይደል? በምን ማርሽ እንደሆነ ማን ይጠይቀናል?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ከአንተ ሌላ ሰው ስለማይነዳት ትመጣለህ። ግን ዛሬ ጠያቂ አይደለህም፣ ሹፌር ነህ። እዚያ ስንደርስ ከመኪናው አትወርድም፣ ስምህንም አትናገርም። ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ፣ አባ ራያ።»

አባ ራያና ሼህ ኑር ጋቢና ገቡ፣ ጋሽ ተፈራ ከኋላ ምንጣፍ ተነጥፎላቸው ተቀመጡ። ወጣን። በኋላ ማርሽ ወደፊት መሄድ ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ትድሃለች። የአህያ ጋሪ አለፈን። ሸክም የያዘች ሴት አለፈችን፤ አልፋንም ዞራ «አይዟችሁ» አለችን። ከከተማው ወጥተን ቦዬን እንዳለፍን ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ውኃው ፈልቷል።

ቆመን እስኪበርድ ስንጠብቅ ፀሐይዋ እየከረረች ሄደች። ሚኒባሶች ጢም ብለው ሞልተው ያልፋሉ፤ ቅዳሜ ነው። ስልኬን አውጥቼ «አባ ራያ፣ ለሐጂ ደውለን እየመጣን ነው ብንላቸውስ?» አልኩ።

ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም። «ከመቼ ወዲህ ነው ጃርሳ፣ የአገር ሽማግሌ፣ በስልክ ይቅርታ የሚለምነው? ቃላችንን ይዘን፣ በእግራችን ቆመን፣ ፊት ለፊት ነው የምንናገረው። ያን መጫወቻ ኪስህ አስገባ።»

አስገባሁ። ግን ውኃ ላምጣ ብዬ የቡና ዛፍ ተከልዬ ለሐሊማ ደወልኩ። የሽማግሌ ቀን ደግሞ የልጅቷ ስልክ ዘመድ እጅ ይገባል፤ ያነሳችው አክስቷ ናት። «ሄሎ፣ ማን ልበል?» አለች። እኔ ጎልማሳው፣ የመኪና ባለቤቱ፣ ምን ብል ጥሩ ነው? «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ» ብዬ ዘጋሁት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚበቃው። «እየመጡ ነው» ማለት ብቻ። ዛሬም ሲታወሰኝ ግንባሬን እመታለሁ።

እንዲህ እየተንፏቀቅን ከሄድን ከዙሁር በፊት እንደማንደርስ ግልጽ ሆነ። ያኔ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ለምን አላዞራትም? ፊቷን ወደ ጅማ፣ ጀርባዋን ወደ ሰርቦ ካደረግኩ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ መሮጥ ትችላለች። አባ ራያ ትንሽ አሰቡና «ቶሌ፣ ጀርባችንም የእኛው ነው» አሉ። አዞርኳት። ጋሽ ተፈራ አሁን ከሁላችንም ፊት ሆኑ፤ መንገዱን የሚያዩት እሳቸው ናቸው። እኔ አንገቴን ጠምዝዤ ከእሳቸው ትከሻ በላይ አሻግሬ እያየሁ ለቀቅኳት።

መቼም መሮጧን ሮጠች። መሪው ግን ወደኋላ ሲሆን ሌላ መሪ ነው፤ ትንሽ ሲነኩት መኪናዋ እንደ እባብ ትጠማዘዛለች። ጋሽ ተፈራ የጎኑን ብረት በጡጫ እየደበደቡ «ቀኝ! ቀኝ!» ይላሉ፤ እኔ ወደ ቀኜ ስሄድ «የኔን ቀኝ ነው የምልህ!» ይጮኻሉ። አንድ የጭነት መኪና ከፊታችን መጣ፤ ከጀርባችን ልበል ይሆን? ሼህ ኑር በዚያን ቀን የተናገሩት እዚህ ላይ ነው። «ላ ኢላሀ ኢለላህ» አሉ፣ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። የጭነት መኪናው በስንዝር ሳተን።

ከመታጠፊያው በኋላ ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል። እጁን ከማንሳቱ በፊት ትንሽ አመነታ።

«ኦቦ ሹፌር፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ሰርቦ።»

«ፊታችሁ ወደ ጅማ ነው።»

«አዎ። ግን ወደ ሰርቦ ነን።»

«ታዲያ ለምን አታዞረውም?»

«አዙሬው ነው እንዲህ የሆነው።»

መንጃ ፈቃዴን ተቀበለኝ፣ ገለባብጦ አየው፣ ምንም አልጎደለውም። የትኛው ጥፋት እንደሆነ ጨነቀው። በመጨረሻ ስልኩን አውጥቶ አለቃው ጋ ደወለ። «አለቃ፣ አንድ መኪና ይዣለሁ… አይ፣ አልተጋጨም… ወደፊት የሚሄደው ወደኋላ ነው… አይደለም፣ አለቃ፣ እኔ ደህና ነኝ…» ተዘጋበት። ደግሞ ደወለ። እዚያ እያለን ጥላችን እያጠረ እግራችን ሥር ገባ። አባ ራያ ሁሉንም ነገሩት፤ ሠርግ ነው፣ ቃል ነው፣ ሦስተኛ ቀጠሮ ነው አሉት። ፖሊሱ አዘነልን። አንድ ነገር ብቻ አዘዘ፤ ከዚህ ወዲያ ፊታችንን ወደምንሄድበት አዙረን እንድንሄድ። ስለዚህ እንደገና በኋላ ማርሽ፣ እንደገና እየዳህን፣ እንደገና እየፈላን።

ሰርቦ መግቢያ ላይ የዙሁሩን አዛን ሰማን። እግሬ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረግጦታል፤ ከዚያ በላይ የሚረገጥ ነገር አልነበረም።

ሐጂ አወል ግቢ ስንደርስ ሶላቱ አልቋል። ጀንፈሉ በግቢው ሁሉ ምንጣፍ ላይ ተሰጥቷል፤ በሩ ጋ ነጭ የለበሱ ሰዎች እየተመራረቁ ይወጣሉ። አንዳቸውንም አላውቃቸውም። አባ ራያ ግን አወቋቸው፤ የአጋሮ ሽማግሌዎች ናቸው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ ሰዎቹን ጅብ ማለቴ አይደለም፣ በሩን የቀደድኩት ግን እኔ ነኝ።

ሐጂ አወል እንግዶቹን ሸኝተው ወደ ፒክአፗ መጡ። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው። እኔ መሪው ላይ ተደፋሁ፤ መስታወቱ ክፍት ስለሆነ ሁሉም ይሰማኛል።

«አባ ራያ! ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«መንገድ ያዘን፣ ሐጂ። መኪናዋ አስቸገረችን።»

«እስከ ዙሁር ጠበቅኳችሁ። በሦስተኛው ቀጠሮ ያልመጣ ነገሩን ተወ ማለት ነው፤ ይህን ያስተማሩን እርስዎ ራስዎ ነዎት። ሰዎቹ መጡ፣ ቃሌን ሰጠሁ።» ድምፃቸው ወረደ። «አንድ ስልክ ብትደውሉ ምን ነበረ?»

አባ ራያ መሬት መሬት አዩ። «እርስዎስ ቢደውሉ?» አሉ።

«የሴት ልጅ አባት ይደውላል እንዴ?»

«አይደውልም» አሉ አባ ራያ።

«አይደውልም» አሉ ሐጂ አወልም። ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች አንገታቸውን እንደ ደፉ ቆሙ። የሁለቱም ስልክ ደረት ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ ይታየኛል።

ደንብ ነውና ምሳ ሳይበሉ አይሄዱም ተባለ፣ ሽማግሌዎቼ ገቡ። እኔ ሹፌሩ ቀረሁ። በቤቱ ጥግ ሐሊማን ለአንድ አፍታ አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ፒክአፗን ተመለከተች፣ እኔን ተመለከተች፣ ከዚያ የሆነች ሴት ጠራቻትና ገባች። ልከተላት ፈለግኩ። እጄን በመስኮት አውጥቼ እጀታውን ያዝኩ፤ ከዚያ አባ ራያን አሰብኩና ለቀቅኩት።

ጥቂት ቆይተው ሐጂ አወል ራሳቸው ሳህን ይዘው መጡ። «ሹፌር፣ አንተም ብላ። መንገዱ አድክሞሃል» አሉና በመስኮት አቀበሉኝ። ተቀበልኩ። አልሄዱም፤ የበሩን ጠርዝ ይዘው ቆሙ።

«የላከህን ሰውዬ ታውቀዋለህ?»

«በመጠኑ» አልኩ።

«እንግዲህ ንገርልኝ። ሐጂ አወል እሺ ሊልህ ነበር በለው። ልጅቷም ወዳው ነበር። ጠዋቱን ሙሉ መንገድ መንገድ ሳይ ነው የዋልኩት።»

«እነግረዋለሁ፣ አባባ።»

«እንዳይከፋው አድርገህ ንገረው» አሉኝና ተመልሰው ገቡ።

ሳህኑን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ ለሰውየው እንዳይከፋው አድርጌ የምነግርበትን መንገድ ፈለግኩ። አጣሁ።